እሜቴን የሸኘ እጅ

ሻርጃ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አያቴ ለሻምበል ባሻ ሸረፈዲን፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎን ያጽናልን። ለባለቤትዎ ለእማማ ኡሙሰልማም ጤናውን ይስጥልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው መምሰል ጀምረናል።

ስልክ እንደማይሰሙ ስለማውቅ ነው በደብዳቤ የመጣሁት። እማማ ኡሙሰልማ ከቴሌግራም አሳትመው በእጅዎ እንደሚሰጡልኝ ቃል ገብተውልኛል።

አያቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። አባቴ የወንድምዎ ልጅ ነው፤ ከሰው ሁሉ የሚፈራው እርስዎን ብቻ ነው። እዚህ ኤርፖርት የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት እንደምሠራ ያውቃሉ። እኛ ከላይ ስናጸዳ መካኒኮቹ ከታች ይሠራሉ። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ የመኪና ጥገና ተምሬ መጥረጊያ የጨበጥኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ከእነሱ አይነቀልም። ስንት ጊዜ ተቆጡኝ መሰለዎት! በመጨረሻ የጥገናው ኃላፊ ሰለቸውና «እንዲህ ከምታፈጪብን ለምን አትፈተኚም?» አለኝ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። የሥልጠና ቦታ ሰጥተውኛል። ሥልጠናውን ስጨርስ ራሴ መርምሬ፣ ራሴ ፈርሜ አውሮፕላን የምሸኝ መካኒክ እሆናለሁ። መልሴን እስከ ጥር መጨረሻ ነው የሚጠብቁት።

አባቴ ግን እንቢ አለ። «ከፓይለት ቤት መካኒክ አይወጣም» ይላል። «አጎቴ ሰማይ ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ነው፤ አንቺ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተጋድመሽ ዘይት ይንጠብጠብብሽ?» አለኝ። የደጋን ከተማው ነጋዴ ልጅ ሙንዚር ሽማግሌ ልኮ ስለነበር ነይና ተዳሪ ባይ ነው። ሙንዚርን አልጠላሁትም አያቴ፤ ይሄን ሥራ ግን ከልቤ ወደድኩት።

ያለ አባቴ ሪዳ፣ ያለ ፈቃዱ፣ ወረቀቱ ላይ እጄን አላሳርፍም። ሳይመርቀኝ የያዝኩት መፍቻ ይከብደኛል። እባክዎ ሆጤ፣ እቤታችን ወጥተው ያናግሩልኝ። እርስዎ በፓይለት አንደበትዎ «መካኒክነት ነውር የለውም» ካሉት ይሰማል።

ዱአዎ አይለየኝ።
የልጅ ልጅዎ ኢስራ

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ የሰው አገር ሰው ያውጣልሽ። እኛ ደህና ነን። ጆሮዬ እንደሆነ ድሮ ሞተር በልቶታል፤ ኡሙሰልማ ስትቆጣኝ ብቻ ነው የጠቀመኝ። ይሄን እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። በስልክ ቁርጥራጭ ቃል መላላክ እኔ አልወድም፤ ሰላምታውም ምርቃቱም ይጎድልበታል።

ደብዳቤሽን አንብቤ በሳቅ ፈረስኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ደሜ ፈላ። ፓይለት! እኔ? ወላሂ በዕድሜዬ አንድም ቀን አውሮፕላን አብርሬ አላውቅም!

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት፣ አላህ ይዘንላት። የአየር ኃይል መለዮ ለብሼ ሆጤ ስገባ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ያበራል» አለች። «እማ፣ እኔ አላበርም፣ አሰናድቼ የምልክ ነኝ» ብላት «ያው ነው» አለችኝ። ከዚያ ፎቶው መጣ። ኮክፒት ውስጥ የራስ ቁር ደፍቼ ጥርሴን ያሳየሁበትን ታውቂዋለሽ። እኛ ጋ ከባድ ጥገና የሠራ ሰው ለሙከራ በረራው አብሮ ይሳፈር ነበር፤ በሠራው ሥራ ነፍሱን ያስይዛል ማለት ነው። ሞተር ቀይረን እኔም ተሳፈርኩ። ስናርፍ የአውሮፕላኗ ፓይለት ሻምበል አራጋው የራሱን ወንበር ለቆልኝ፣ የራሱን ቁር ደፍቶልኝ፣ «አሁን ፎቶ ላንሳህ» ብሎ አነሳኝ። አባትሽ ያንን ፎቶ አሳድጎ ሱቁ በር ላይ ሰቀለው። «ፓይለት የሕንፃ መሣሪያ መደብር»! ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ «ትሑት ስለሆኑ ነው» ይለኛል። እኔ ትሑት! ሰው ያውቀኛል እኮ!

ያው አይደለም፣ ልጄ። እኔ ክሩ ቺፍ ነበርኩ፤ የአንዲት አውሮፕላን የመሬት ቡድን አለቃ። ነዳጅ ቀጂው፣ ቦምብ ጫኙ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁሉ በእኔ እጅ ነው። እኔ ፈርሜ «ትሂድ» ካላልኩ ጄኔራልም ቢመጣ አትነሳም። አንዴ አንድ ሻለቃ ቸኩሎ መጥቶ «ለምን አትነሳም?» ብሎ ጮኸብኝ። «ጌታዬ፣ ትንሽ ዘይት ታለቅሳለች» አልኩት። «እንዲሁ ትሂድ» አለ። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙላት» ብዬ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። መልሶ ሰጠኝና ዞሮ ሄደ። ይሄን ደስታ የትኛው ፓይለት ያውቀዋል?

አውሮፕላኗ ቦምብ ጣይ ነበረች። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ በመጣ ጊዜ ከደብረ ዘይት እየተነሳች ስትመላለስ ከረመች። እሜቴ ብለን ነበር የምንጠራት፤ ሳትለመን ስለማትነሳ። ጠዋት ሆዷን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ ቢስሚላህ እያልኩ ዞሬያት፣ መሰላሉን ወጥቼ የአራጋውን ማሰሪያ በእጄ አጥብቄ፣ የቦምቦቹን መቆለፊያ ነቅዬ ከፍ አድርጌ አሳየው ነበር። እሱ አውራ ጣቱን ያነሳል፣ እኔ ሰላምታ እሰጣለሁ። እሷ እስክትመለስ የእሜቴ ሰው አይቀመጥም። ማንም አላዘዘንም፤ በራሳችን ያመጣነው ወግ ነው። ፀሐይ አናታችንን እየፈለጠን ቆመን እንጠብቃታለን። ድምጿ ከሩቅ ሲመጣ ከሌሎቹ ለይቼ አውቃታለሁ። ያን ጊዜ ጆሮ ነበረኝ።

ለአባትሽ ለብቻው ብነግረው መልሶ ትሑት ሊያደርገኝ ነው። የሟቹ ወንድሜ የሀፊዝ ሰደቃ እየደረሰ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሆጤ ይሰበሰባል። በአባቱ ሰደቃ፣ በሰው ሁሉ ፊት እነግረዋለሁ። አብሽሪ!

አያትሽ ሸረፈዲን

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ ለሻምበል ባሻ

አሰላሙ ዐለይኩም። እጅዎን ስሜ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። እማማ ኡሙሰልማን ሰላም ይበሉልኝ።

አያቴ፣ ምን ጉድ ነው ያሰሙኝ! ደብዳቤዎን አውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ መካኒኮቹ «ምን ነካት?» አሉ። ተረጎምኩላቸው። «እርስዎ ይፈርሙላት» የሚለውን ሲሰሙ አንዱ ሽማግሌ መካኒክ፣ ፓኪስታናዊ ነው፣ ተነስቶ «ለአያትሽ ከእኔ ሰላምታ አድርሺ» ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። አደረስኩ እንግዲህ። እኔስ? እስከዛሬ የፓይለት ዘመድ ነኝ ስል ኖሬ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳይነግሩኝ አለፉ። እሜቴ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ሻምበል አራጋውስ አሉ?

ሌላው፣ አባቴ ስደውልለት «ሱቅ ሰው ሞልቷል» እያለ ይዘጋብኛል። ሰደቃው ላይ አደራዎን፣ ቀስ አድርገው ይንገሩት። ሰው ፊት ነገር አይወድም።

ልጅዎ ኢስራ

*

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ

ሰላምና ዱአዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ሰውነትሽን ጠብቂ፣ ምግብ እንዳትዘይ። ለፓኪስታናዊው ወንድሜ ወዐለይኩም ሰላም በይልኝ፤ ከሩቅ ያወቀኝ ሰው ነው።

መልስ ያዘገየሁት የምጽፈው ነገር ደስ ስላላለኝ ነው።

የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ሆጤ ገባሁ። ሰደቃው ያማረ ነበር፣ ቤቱ ሞልቷል። አባትሽ ለእንግዶቹ «ፓይለቱ አጎቴ» እያለ እየዞረ ሲያስተዋውቀኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀስ አድርገው ይንገሩት ብለሽኝ ነበር። ልጄ፣ ጆሮ የሌለው ሰው ቀስ ብሎ መናገር ከየት ይምጣለት? ለእኔ ሹክሹክታ መስሎኝ ነበር፤ ኡሙሰልማ ግን ውጭ ያሉት ሴቶች ድረስ ሰምተዋል ትላለች። «አብዱልባሲጥ፣ እኔ መካኒክ ነኝ! መካኒክ ኖሬ መካኒክ የምሞት ነኝ! ልጅህ እኔን መሰለች፣ ምን ይሁን ትላለህ?» አልኩት።

ሽማግሌ የላኩት የደጋን ሰዎችም እዚያው ነበሩ። የሙንዚር አባት ሳቀ፤ በክፋት አይመስለኝም። አባትሽ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። የያዘውን ሻይ አስቀምጦ ወጣ። እስክንሄድ አልተመለሰም። ኡሙሰልማ መንገዱን ሙሉ ስትናገረኝ መጣች፤ ባልሰማም ከእጇ አወራወር ገብቶኛል።

እውነቴን ነው የተናገርኩት፣ በእሱ አልጸጸትም። በሰው ፊት መሆኑ ግን ከብዶታል። ከዚያ ወዲህ ሰው አልላከም፣ እሱም አልመጣም። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ቀድሜው አልሄድም።

ስለ እሜቴ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አያትሽ ሸረፈዲን

*

ሻርጃ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ሰላምዎ ይብዛ።

አያቴ፣ በእርስዎ አላዘንኩም። አባቴ ግን ዝም አለኝ። እናቴ «በጤናው ነው፣ ሱቅ ይውላል፣ ይመጣል፣ አይናገርም» ትላለች። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኑ እየደረሰ ነው። ኃላፊዬ ትናንት ጠርቶ «ቦታው የሚፈልገው ብዙ ነው» አለኝ። ይቅርብኝ ልለው አስቤያለሁ። አባቴን አስቀይሜ ያገኘሁት እንጀራ አይጥመኝም። ሳለቅስ ያየኝ የለም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው።

ከመተዌ በፊት የምጠይቅዎ አለ። እሜቴ ምን ሆነች? ሁለት ጊዜ አለፉኝ። ሥራው ይሄን ያህል የሚያኮራ ከሆነ የሚያስፈራውንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከአባቴ ጋር የምጣላበትን ነገር ሙሉውን ይንገሩኝ።

ልጅዎ ኢስራ

*

ኮምቦልቻ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለኢስራ

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ያኑርሽ፣ ከፍ ያድርግሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይባረክ። ይሄ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሳምንቱ አባትሽ መጣ። ከሐረጎ ማዶ ድረስ ብቻውን፣ በሥራ ቀን፣ ሱቁን ዘግቶ! ኡሙሰልማን ሰላም ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከእኔ ጋር ማውራት እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ ሰው በወረቀት ይመልስልኛል። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩለት። ረጅም ጊዜ ጻፍን፤ ማለቴ እሱ ጻፈ።

እንቢ ያለው ፈርቶልሽ ነው እንጂ አፍሮብሽ አልነበረም። ያንን ሳይ እሜቴን አወጣሁለት። ለወንድሜ ለሀፊዝም አውርቼው አላውቅም ነበር። ለአባትሽ የነገርኩትን አንቺም ስሚው።

አንድ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሸኘኋት። ምንም አልጎደላትም፤ እንደዚያ ቀን ሞተሯ አምሮበት አያውቅም። አራጋውና መንገድ መሪው ገብተው ተቀመጡ፣ አሰርኳቸው፣ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ሄዱ። እኛ ቆምን። አብረዋት የሄዱት ተመለሱ፣ እሷ አልመጣችም። ኢላማዋ ላይ ስትደርስ ከመሬት መቷት፣ እየነደደች ስትወርድ አብሯት የበረረችው የሌላዋ አውሮፕላን ፓይለት በዓይኑ አይቷል። አለቆቹ መጥተው የፈረምኩበትን ሁሉ አገላብጠው አዩት። እንከን አላገኙበትም። «በጠላት ጥይት ነው፣ ሥራህ ንጹሕ ነው» አሉኝ። እኔ ግን እንደቆምኩ ነበርኩ። መቀመጥ አቃተኝ። የእሜቴ ልጆችም አብረውኝ ቆሙ። አዛዡ ራሱ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

አራጋው የአገራችን ሰው ነበር፣ የገራዶ ልጅ። እናቱ እማማ ወርቅአፈራሁ ጥቁር ለብሰው ደብረ ዘይት ድረስ መጡ። አለቆቹ ወንበር ሰጧቸው፣ ልጅዎ ጀግና ነው እያሉ አወሩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ልጄን ማን ሸኘው?» አሉ። አለቆቹ ይረግሙታል ብለው ስሜን አልጠሩም። ወጣሁና «እኔ ነኝ እናቴ» አልኳቸው።

«በልቶ ነበር?» አሉኝ።

ልጄ፣ ስንት ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይሄን አልጠበቅኩም። «አዎ እናቴ፤ ዳቦ በሻይ፣ ከእኔ ጋር ቆርሶ» አልኳቸው።

«ሲገባ ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ይስቅ ነበር። ማሰሪያውን አጠበቅክብኝ ብሎ ሲሳደብ ነበር» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ሁልጊዜ እንደተሳደበ ነው።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ፣ በዚህ እጄ።»

እጄን ያዙና ሳሙት። እናቴ የሚሆኑ ሰው፣ የእኔን የቅባት እጅ! ጥፍሬ ሥር ዘይት ነበረ። «እኔ ሳልደርስለት ይሄ እጅ ደረሰለት፤ ብቻውን አልሄደብኝም» አሉ። እዚያ የነበረ ወታደር ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለአንቺ ስነግር አላፍርም።

ከዚያ በኋላ ለልጃቸው ተዝካር ገራዶ ጠሩኝ። ለእኔ ብለው በእስላም እጅ ያሳረዱት በግ ለብቻው ተሠርቶ፣ ለብቻው በተገዛ ድስት ቀረበልኝ። ከቄሶቹ አጠገብ አስቀምጠውኝ «ይሄ የልጄ ሸኚ ነው» አሉ። አየር ኃይል የሰጠኝ ማዕረግ አለ፤ ጡረታ የወጣሁበት። እኔ የምጠራበት ቢሆን ደስ የሚለኝ ግን እማማ ወርቅአፈራሁ የሰጡኝ ነው። እስኪሞቱ በየዓመቱ እየሄድኩ ጠየቅኋቸው። እንደ ልጃቸው ሆኜ ቀበርኳቸው።

አንቺ ያሰብሽው ሥራ ይሄ ነው። የሚያስፈራው ክፍል ይሄ ነው፣ የሚያኮራውም እሱው ነው፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። የሰው ልጅ በአንቺ እጅ አልፎ ይሄዳል። ስምሽን ሳይጠይቅ፣ ፊትሽን ሳያይ አምኖሽ ይሳፈራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ የበለጠ ክብር አላየሁም። እናም ዳግመኛ ብወለድ ኮክፒቱን ለሚፈልገው ትቼ መሰላሉ ሥር ነው የምቆመው።

አባትሽ የጻፈውን ወረቀት ኡሙሰልማ ፎቶ አንስታ ከዚህ ጋር ልካልሻለች። የእኔ መልስ የለበትም፤ እሱን በአፌ ነው የነገርኩት። አንቺ ራስሽ አንብቢው። እኔ ልጨምርበት የምችለው የለም።

አያትሽ ሸረፈዲን

*

[የአብዱልባሲጥ እጅ ጽሑፍ]

አጎቴ፣ በፓይለትነቱ አይደለም የተቀየምኩት። የሱቁን ማስታወቂያ አውርጄዋለሁ። ቆርቆሮ ነው።

አይ፣ የደጋኖቹም ነገር አይደለም። ሙንዚር ሌላ ያገባል።

ልጅቷ ትፈርማለች አሉኝ። አውሮፕላኑ ቢወድቅስ? የሰው ሁሉ ጣት እሷ ላይ ቢቀሰርስ? እዚያ ማን አላት?

እርስዎ ሲፈርሙ ፈርተው አያውቁም?

ሁልጊዜ?

ታዲያ ለምን አልተዉትም?

ስለ እሜቴ ሲያወሩ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። አባቴም ያውቅ የነበረ አይመስለኝም።

እናቱ መጡ?

ረገሙዎት?

በልቶ ነበር ወይ አሉ?

ሱብሃነላህ።

አላለቀስኩም። ወረቀቱን ያራሰው ሻዩ ነው።

አሃ፣ አዎ፣ አልቅሻለሁ። ምን ይደረግ?

እንግዲያው ኢስራ የስንቷን እናት ልጅ ልትሸኝ ነው?

እኔ ሥራውን ዘይትና መፍቻ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው።

ይጻፉላት። ሪዳዬ ከእሷ ጋር ነው፣ ዱአዬም። ትፈርም።

አንድ ነገር ግን ይንገሩልኝ። ስትፈርም «ኢስራ» ብላ ጭራ ብቻ እንዳትጎትትበት። ኢስራ አብዱልባሲጥ ብላ ሙሉውን ትጻፈው። አንድ ቀን «ልጄን ማን ሸኘው?» የምትል እናት ከመጣች ሁለታችንንም ታግኘን።